ኮሮና፣ ታርጌት እና የሻጭ ጭንቀት፦ ትንፋሽ ማዳመጡ ይጠቅማል?

ሻጭ_ከቦሌ
ሰኔ 6 ቀን 2012

ሰላም ለሁላችሁ። አፓርትመንት የሚሸጥ ሪል ስቴት ውስጥ የሽያጭ ሠራተኛ ነኝ። ቋሚ ደመወዛችን ትንሽ ናት፤ የምንኖረው በኮሚሽን ነው። ደንበኞቻችን አብዛኞቹ ውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ክረምት ሲመጣ አገር ቤት ይገባሉ፣ ሳይት እናሳያቸዋለን፣ ከቤተሰብ ጋር ይመክራሉ፣ ይፈርማሉ። ዘንድሮ ማን ይመጣል? መጋቢት 4 የመጀመሪያው ታማሚ ተገኘ ከተባለበት ቀን ጀምሮ የምሰማው መልስ «ቆይ፣ ይሄ ነገር ይለፍ» ብቻ ነው።

ታርጌቱ ግን አልተነካም። ከኮሮና በፊት የነበረው ቁጥር እንዳለ ነው። ጠዋት ጠዋት በቴሌግራም ግሩፕ «ትናንት ስንት ደወላችሁ? ስንት ቀጠሮ ያዛችሁ?» እንባላለን፣ ሁሉም እያየ። አሁን የቴሌግራም ድምፅ ስሰማ ልቤ ድው ድው ይላል። ማታ እንቅልፍ የለም። የአሜሪካ ደንበኛ ለማግኘት ስለምናመሽ እንቅልፌ ድሮም የተዛባ ነበር፤ አሁን ግን ተኝቼም ከደንበኛ ጋር ስከራከር ነው የማድረው።

ከሁሉም የከበደኝን ልንገራችሁ። አንዲት ደንበኛ አለችኝ፣ አሜሪካ ሆቴል ውስጥ ነበር የምትሠራው። ሆቴሉ ሲዘጋ ከሥራ ወጣች። ቅድመ ክፍያውን ከፍላለች፣ ሁለተኛው ዙር ደርሶባታል። ደውላ «እህቴ፣ ብሬን መልሱልኝ፣ የቤት ኪራይ እንኳን አልከፈልኩም» አለችኝ። እኔ እንድላት የታዘዝኩት ደግሞ «አሁን ብትተዪው ዋጋው ይጨምርብሻል፣ ውሉም ቅጣት አለው» ነው። ይሄን በጣፋጭ ድምፅ ነው መናገር ያለብን፤ ፈገግታ በስልክም ይሰማል ተብለን ሠልጥነናል። ዝም አለች። ከዚያ ስታለቅስ ሰማኋት። ስልኩ ሲዘጋ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ዝርዝሩ ላይ ግን ቀጣዩ ስም እየጠበቀኝ ነው።

አሁን ድርጅቱ ቅዳሜ ቅዳሜ በዙም «ማይንድፉልነስ» የሚባል ሥልጠና ጀምሮልናል። ዓይን ጨፍኖ ትንፋሽን ማዳመጥ፣ ቀልብን ሰብስቦ አሁን ላይ መሆን። የምጠይቀው ከልቤ ነው። እንደኛ ላለ ሥራ ይሠራል ወይ? የሞከራችሁት ካላችሁ ንገሩኝ።

---

የመርካቶ_ልጅ
ሰኔ 6 ቀን 2012

አይዞሽ እህቴ። እኔ መርካቶ ጨርቅ ሱቅ ነው የምሠራው። ኮሚሽን የለኝም፣ የወር ደመወዝ ነው። ግን ባለሱቁ አጠገቤ ተቀምጦ ነው የሚውለው። ደንበኛ ዋጋ ጠይቆ ከወጣ ዞሮ የሚያየው እኔን ነው።

ማስክ ከመጣ ወዲህ የደንበኛ ፊት ጠፋብን። የኛ ሥራ እኮ ፊት ማንበብ ነው። «በቃ ልሂድ» ሲል የምሩን ይሁን ዋጋ ለማስቀነስ ከከንፈሩ ነበር የምናውቀው። አሁን ዓይን ብቻ ቀረ። ድምፅም በደንብ አይሰማም፤ እሱ ይጮሃል፣ እኔ እጮሃለሁ፣ ሳንጣላ የተጣላን እንመስላለን። ደግሞ ጨርቅ ሳይዳበስ አይገዛም። ይዳብሰዋል፣ ወደ ፊቱ ያስጠጋዋል፣ ይመልሰዋል። እሱ የዳበሰውን የማጥፈው እኔ ነኝ። በየመሀሉ አልኮል ስቀባ የእጄ ቆዳ ተሰነጣጥቋል።

ቤት ውስጥ ስኳር ያለባት እናት አለችኝ። በር ላይ ልብሴን ቀይሬ ነው የምገባው፣ እራቴንም ራቅ ብዬ ነው የምበላው። ቀኑን ሙሉ የማስበው «ዛሬ አጠገቤ ማን ነበር የሳለው?» እያልኩ ነው። ስለ ሥልጠናው አላውቅም። እኔን የሚያቆመኝ ጠዋት ራጉኤል ደጅ ተሳልሜ መግባቴ ነው። ውስጥ ገብቶ ማስቀደሱ ቢቀርም ደጁ አለ።

---

ሥነልቦና_አማካሪ
ሰኔ 7 ቀን 2012

በምክር አገልግሎት ነው የምሠራው፤ ከኮሮና ወዲህ ከሽያጭ ሰዎች ብዙ ሰምቻለሁ። (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ሻጭ ከቦሌ፣ አንቺ ላይ የደረሰው አዲስ ነገር አይደለም። አርሊ ሆክሺልድ የምትባል አሜሪካዊት ሶሺዮሎጂስት የበረራ አስተናጋጆችን አጥንታ 1983 ላይ ጽፋበታለች። አንዳንድ ሥራ ጉልበትና ጊዜ ወስዶ አያበቃም፤ ስሜትሽንም ይፈልጋል። ውስጥሽ እየፈራ ፊትሽ መሳቅ አለበት። ውስጥና ፊት በተራራቁ ቁጥር ሰው ይዝላል። ወረርሽኙ ይሄን ርቀት ነው ያሰፋው፤ አንቺም ፈርተሻል፣ ደንበኛዋም ፈርታለች፣ ስልኩ ላይ ግን ሁለታችሁም ስለ ካሬ ሜትር ነው የምታወሩት።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ማይንድፉልነስ ወደ ሕክምና የገባው 1979 ላይ ነው። ጆን ካባት-ዚን የሚባል ሰው ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ውስጥ ፕሮግራም ጀመረ። የመጡለት ሰዎች ብዙዎቹ የቆየ ሕመም ያለባቸው፣ መድኃኒቱ በቂ ያልሆነላቸው ነበሩ። ይሄን የምነግርሽ ያለምክንያት አይደለም። ገና ሲጀመር የታሰበው ችግራቸው ወዲያው ለማይጠፋ ሰዎች ነው። ጭንቀቱን አያጠፋልሽም። ጭንቀቱ ሲመጣ አብሮ እንዳይወስድሽ ነው የሚያግዝሽ።

ለኛ ቀረብ ያለም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በዚሁ ሐሳብ ላይ ተመሥርቶ ያዘጋጀው ትምህርት ኡጋንዳ ውስጥ በሚኖሩ የደቡብ ሱዳን ስደተኛ ሴቶች ላይ ተሞክሯል። ወደ 700 የሚጠጉ ሴቶች ነበሩ። ትምህርቱን የወሰዱት በቡድን ሆነው አምስት ጊዜ ተሰበሰቡ፣ በድምፅ የተቀዳውን ሰሙ፣ አብረው ተለማመዱ። ከሦስት ወር በኋላ ጭንቀታቸው ትምህርቱን ካልወሰዱት ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ውጤቱ የታተመው በዚሁ 2020 ነው። ድርጅቱ ሚያዝያ ላይም ለኮሮና ጊዜ የሚሆን በሥዕል የተደገፈ መመሪያ በነፃ አውጥቷል።

አሁን በሁለት ስልክ መሀል ምን ማድረግ እንደምትችዪ ልንገርሽ። ስልኩን ስትዘጊ ቀጣዩን ስም አትንኪ። ዓይንሽን መጨፈን አያስፈልግም። ሁለት እግርሽን መሬት ላይ አድርጊና ጫን በያቸው። ጀርባሽ ወንበሩን ሲነካ ይሰማሽ። ከዚያ ያለውን ነገር በስሙ ጥሪው፦ «ደረቴ ላይ ጫና አለ»፣ «እጄ ይንቀጠቀጣል»። «የማልረባ ነኝ» የሚል ነገር ከመጣ «የማልረባ ነኝ የሚል ሐሳብ መጣብኝ» በዪ። የታክሲ ረዳት «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ» እያለ ቢጣራም መንገድሽ ካልሆነ አትገቢም አይደል? ሐሳብም ሲጣራ መሳፈር ግዴታ አይደለም። ከዚያ አየሩን ቀስ ብለሽ አስወጪ፣ ማስወጣቱ ከማስገባቱ ይርዘም። መጨረሻ ላይ ራስሽን ጠይቂ፦ የሚቀጥለውን ሰው እንዴት ላናግረው ነው የምፈልገው? ይኼ ሁሉ ሁለት ደቂቃ አይሞላም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ዓይን ጨፍኖ ትንፋሽ ላይ ማተኮር አንዳንድ ሰው ላይ ፍርሃቱን ያባብሰዋል፤ በተለይ ድንገት ትንፋሽ የሚያጥረው ወይም ከባድ ነገር ያለፈበት ሰው ላይ። እንደዚያ ከተሰማሽ ዓይንሽን ግለጪ፣ ተነሺ፣ ተራመጂ። ሥልጠናው ላይም «እኔ ዓይኔን ሳልጨፍን ነው» ማለት መብትሽ ነው።

---

የእናቷ_ልጅ
ሰኔ 7 ቀን 2012

ይቅርታ፣ እኔን ግን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ይሄ ነገር የቡድሃ እምነት አይደለም ወይ? የኛም መሥሪያ ቤት ጀምሮታል። የንስሐ አባቴን ሳልጠይቅ ልገባበት አልፈልግም።

---

ሥነልቦና_አማካሪ
ሰኔ 7 ቀን 2012

እህቴ፣ ጥያቄሽ ትክክል ነው። መነሻው ከቡድሂዝም ነው፤ ይሄ የሚደበቅ አይደለም። በሕክምና ውስጥ የሚሰጠው ግን ጸሎትም አምልኮም የለበትም፤ ሐሳብንና ሰውነትን ማስተዋል ነው። ልብሽ ካልፈቀደ የንስሐ አባትሽን ጠይቂ፣ ካልሆነም ተዪው። መቁጠሪያ ይዛ ቀልቧን ሰብስባ የምትጸልይ ሰው ለምታርፍበት ነገር እንግዳ አይደለችም። እኔ ዘንድ የሚመጡ ሰዎችን መጀመሪያ የምጠይቃቸው «ድሮ ሲጨንቅህ ምን ነበር የሚያሳርፍህ?» ብዬ ነው። ብዙ ጊዜ መልሱ ሃይማኖታቸው፣ እናታቸው ወይም የእግር ጉዞ ነው። ከዚያ ነው የምንጀምረው።

---

ሜዲካል_ሪፕ
ሰኔ 8 ቀን 2012

አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። የመድኃኒት አስመጪ ሪፕ ነኝ፣ ማለትም መድኃኒቱን ለሐኪሞች የማስተዋውቅ። የኛ ሥራ ሐኪም ቢሮ በር ላይ መጠበቅ ነው። አሁን ሆስፒታል በር ላይ ሙቀትህ ይለካና «ታካሚ ነህ?» ትባላለህ። አይደለሁም ካልክ መመለስ ነው። ልክ ናቸው፣ አልፈርድባቸውም። ሐኪሞቹ ራሳቸው ከኛ የባሰ ጭንቀት ውስጥ ናቸው። ኩባንያው ግን የቀን ቪዚት ሪፖርት ይፈልጋል። ያልገባሁበትን ቢሮ ምን ብዬ ልጻፍ?

ዘንድሮ ተራዊሕን ቤት ውስጥ ነው የሰገድነው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከብዶኝ ነበር። በኋላ ግን ሰላቴ ውስጥ የበለጠ መረጋጋት አገኘሁ፤ የሚያስቸኩለኝ ነገር አልነበረም። ስለዚህ ቀልብ መሰብሰብ ይጠቅማል ወይ ብትዪኝ፣ አዎ፣ በጣም።

ግን ቅሬታ አለኝ። ሥልጠናችሁ ቅዳሜ ነው አይደል? የኛም ቅዳሜ ነው። ማረፍ ያለብንን ቀን ወስደው እንዴት ማረፍ እንዳለብን ያስተምሩናል። ሰኞ ደግሞ ያው ታርጌት፣ ያው ሪፖርት። ሸክሙን የጫነብኝ ሰው ትከሻዬን ላጠንክር ሲለኝ መጀመሪያ ሸክሙን ይቀንስ ነው የምለው። የትንፋሹን ነገር ልቤ ሙሉ በሙሉ ያልተቀበለውም ለዚህ ነው።

---

ሥነልቦና_አማካሪ
ሰኔ 8 ቀን 2012

ወዐለይኩም ሰላም ወንድሜ። በዚህ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት 2019 ላይ በሥራ መዛልን ሲተረጉም በአግባቡ ያልተያዘ፣ የቆየ የሥራ ቦታ ጫና የሚያመጣው ነው ብሏል። ሕመም ብሎ አልመዘገበውም፣ ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ነው ያለው። ምልክቶቹም ሦስት ናቸው፦ አቅም ማለቅ፣ ከሥራው በልብ መራቅ ወይም ማማረር፣ ሥራን በብቃት መወጣት አለመቻል። እንግዲህ «የሥራ ቦታ ጫና» የሚለውን ልብ በሉት። ሥልጠና የሠራተኛውን ጉልበት ያድሳል፤ ጫናውን መያዝ ግን የአሠሪው ሥራ ነው። ሥልጠና ሰጥቶ ታርጌቱን እንዳለ የተወ ድርጅት የሥራውን ግማሽ አልሠራም።

---

ሕግ_አዋቂ
ሰኔ 9 ቀን 2012

ትንሽ ነገር ልጨምር። መጋቢት 30 ቀን 2012 ለአምስት ወር የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እስካለ ድረስ አሠሪ እንደፈለገ ሠራተኛ መቀነስ አይችልም፤ አከራይም ከቤት ማስወጣትና ኪራይ መጨመር ተከልክሏል። ብዙ ሻጭ «ታርጌት ካልመታሁ ነገ እባረራለሁ» ብሎ ነው እንቅልፍ የሚያጣው። ይሄን ማወቁ ያሳርፋል።

ኮሚሽን ግን ሌላ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ኮሚሽን ደመወዝ ውስጥ አይቆጠርም። ስለዚህ ከታመማችሁ የሚከፈላችሁ በቋሚ ደመወዛችሁ ልክ ነው፦ የመጀመሪያው ወር ሙሉ፣ ቀጣዩ ሁለት ወር ግማሽ፣ ከዚያ ያለው ሦስት ወር ያለ ክፍያ። የሐኪም ማስረጃ ያስፈልጋል። ጭንቀት ለሕመም ካደረሳችሁ ያም ሕመም ነው፤ ሐኪም ከጻፈላችሁ አትፈሩ። የዓመት ዕረፍታችሁንም ጠይቁ፤ ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን ነው።

---

ሽያጭ_ማናጀር
ሰኔ 9 ቀን 2012

እኔ ያለሁት በሌላው ወገን ነው። የሸቀጣ ሸቀጥ አከፋፋይ ድርጅት ውስጥ የሽያጭ ማናጀር ነኝ። ከላይ የሚወርደውን ቁጥር ለልጆቹ የማከፋፍለው እኔ ነኝ። ባለቤቱም ባንክ ዕዳ አለበት፣ እሱም አይተኛም።

የኛ ችግር ገበያው ለሁለት መከፈሉ ነበር። ሳሙና፣ ሳኒታይዘር፣ ፓስታ ከእጃችን ይነጠቃል። ሆቴልና ሬስቶራንት የሚወስደው ሁሉ ግን ቆመ። የሆቴል መስመር የነበሩት ልጆች ጎበዞች ናቸው፣ ግን ለማን ይሽጡ? ሚያዝያ ላይ ከባለቤቱ ጋር ቁጭ ብለን ኮሚሽኑን በአንድ ቋት አደረግነው፤ ሁለቱ መስመር ይካፈላል። የሳሙና ልጆች መጀመሪያ አጉረመረሙ። «ነገ ተራው የናንተ ሊሆን ይችላል» ብለን ተነጋግረን ተስማሙ። ታርጌቱም ከወር ወደ ሦስት ወር ዞረ። ግሩፕ ላይ ቁጥር መጠየቅ ቀረ፤ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ለእያንዳንዱ ለብቻው እደውላለሁ። ሰው ፊት ቁጥር መጠየቅ ሰውን ያሸማቅቃል እንጂ አያሸጥም።

ሻጭ ከቦሌ፣ ልጄ፣ ለአለቆችሽ ስትናገሪ ወረቀት ይዘሽ ግቢ። ከመጋቢት ወዲህ ስንት ውል ተሰረዘ? ስንት ደንበኛ ማራዘሚያ ጠየቀ? ቢራዘምለት ስንቱ ይቆይ ነበር? ውሉን ከሚሰርዝ ደንበኛ ክፍያውን ያራዘመ ደንበኛ ለድርጅቱ እንደሚሻል ባለቤት በቁጥር ሲያይ ይገባዋል። ከዚያ «ያቆየነው ደንበኛ እንደ ሽያጭ ይቆጠርልን» በሉ። ብቻሽን አትግቢ፣ ከባልደረቦችሽ ጋር ግቢ።

---

ካሸር_ሜሪላንድ
ሰኔ 10 ቀን 2012

ይሄን ውይይት ሳነብ እንባዬ መጣ። እኔ ሜሪላንድ ግሮሰሪ ውስጥ ካሸር ነኝ። አዲስ አበባ አፓርትመንት እየከፈልኩም ነው። ስለዚህ ሻጭም ነኝ፣ ደንበኛም ነኝ።

እኛ አልተዘጋንም። «ኢሴንሻል ወርከር»፣ ሥራው መቆም የሌለበት ሠራተኛ፣ ተባልን። ፊታችን ፕሌክሲግላስ ተተከለ። የሽንት ቤት ወረቀት ያለቀበት ሰው የሚሰድበው እኔን ነው፤ ማስክ አድርግ ስለው የሚጮህብኝም አለ። ከሥራ የወጡ ጓደኞቼ ከሥራ አጥ ክፍያቸው ላይ በሳምንት 600 ዶላር ይጨመርላቸዋል፤ ለኛ የተጨመረችው የሰዓት 2 ዶላር ግን ቆማለች። ሌሊት ቤቴ ስገባ ደሞዜን ሳይሆን ማን እንዳስነጠሰብኝ ነው የማሰላው። የመርካቶ ልጅ፣ በደንብ ገብተኸኛል።

ደንበኛ ሆኜ ደግሞ ልናገር። ከሁለት ሪል ስቴት ተደውሎልኛል። አንደኛዋ ሰላም ሳትለኝ ስለ ዋጋ ጭማሪ ጀመረች። ድምፅዋ ይስቃል፤ ግን የተጻፈ እያነበበች እንደሆነ ያስታውቅ ነበር። ዘጋሁት። ሌላዋ «እዚያ እንዴት ናችሁ? ሥራ አለሽ?» አለችኝ። ሥራ አለኝ ግን ፈርቻለሁ አልኳት። «እኛም ፈርተናል» አለችኝ። ትንሽ ዝም አልን። ከዚያ «ስንት ወር ቢራዘምልሽ ይቀልሻል? ለአለቃዬ አቀርበዋለሁ፣ ቃል ግን አልገባልሽም» አለችኝ። እስከ ዛሬ የምከፍለው ለእሷ ነው። እውነቱን ስለነገረችኝ አመንኳት።

---

ሻጭ_ከቦሌ
ሰኔ 12 ቀን 2012

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ሁሉንም ደጋግሜ አነበብኩ።

የእግሩን ነገር ሞከርኩት። ጫማዬን ከጠረጴዛው ሥር አውልቄ እግሬን የቢሮው ሴራሚክ ላይ አደረግኩ፤ ቀዝቃዛ ነው። ልቤ መምታቱን አላቆመም። ግን «ልቤ እየመታ ነው» ብዬ ማየት ቻልኩ፣ ከዚያ በፊት ግን ዝም ብዬ የምሮጥ ነበር የሚመስለኝ። ከዚያ ያችን ሆቴል ትሠራ የነበረችውን ልጅ ደወልኩላት። መጀመሪያ ስለ ቤቱ አላነሳሁም። አሁንም ሥራ የለም፤ ብዙ አወራን።

ከባልደረቦቼ ጋር ጋሼ ማናጀሩ ያሉትን ወረቀት እየሠራን ነው። የተሰረዘውን ስንደምር ደነገጥን። ሰኞ እናቀርባለን። ሥልጠናው ከቅዳሜ ወደ ሥራ ቀን እንዲዞርም ጨምረንበታል።

እንቅልፉ ግን አሁንም የለም። አማካሪ፣ መቼ ነው ሐኪም ማየት ያለብኝ?

---

ሥነልቦና_አማካሪ
ሰኔ 12 ቀን 2012

ደስ ይላል እህቴ። እንቅልፍ ማጣቱ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ፣ ምግብ ካስጠላሽ፣ የምትወጃቸው ነገሮች ሁሉ ከደበሩሽ አትጠብቂ። አማኑኤል ሆስፒታል አለ፤ ቅዱስ ጳውሎስም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ስሙን ፈርቶ የሚቀር ሰው ብዙ ነው፤ አንቺ እንዳትቀሪ። «ብሞት ይሻላል» የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ደግሞ ቀኑን አታሳልፊ። ለቅርብ ሰው ንገሪና አብራችሁ ሂዱ። ብቻሽን አትሁኚ።

ለሁላችሁም፦ ቀን ለመንቃት ጫት፣ ማታ ለመተኛት መጠጥ የጀመሩ ሻጮች አውቃለሁ። እንቅልፉን ይበልጥ ያበላሸዋል። አንቺ ደግሞ የማታ ስልክሽን የምታቆሚበት ሰዓት ይኑርሽ። ካቆምሽ በኋላ ቴሌግራሙን ድምፅ አልባ አድርጊው፤ ግሩፑ ጠዋትም ይገኛል።

---

ሻጭ_ከቦሌ
ሰኔ 12 ቀን 2012

ሰዓቱን ልወስን ነው። ካሸር ሜሪላንድ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እዚያ ያሉ ሰዎችን በስንት ሰዓት ብደውል ነው የማይከብዳቸው?

---

ካሸር_ሜሪላንድ
ሰኔ 13 ቀን 2012

የኔ እህት፣ አብዛኞቻችን ፈረቃ ነን። ከሰዓት የሚገቡትን ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ታገኛቸዋለሽ፤ ያ ለናንተ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው፣ ማምሸት አያስፈልግሽም። ጠዋት የሚገቡትን ግን ሥራ ላይ አትደውዪላቸው፣ ስልክ አያስነሱንም። በቴሌግራም ድምፅ አስቀምጪላቸው፣ ሲወጡ ይሰሙታል። እሑድ እሑድ ደግሞ ቅዳሴ በስልክ ስለምንከታተል ጠዋቱን ተዪው።